ስሙ ሲጠራ «አለ» እላለሁ

መጋቢት 6 ቀን 2001፣ እሁድ

ከእቁብ መመለሴ ነው። ዛሬም አልወጣልንም።

ጋሼ ውብሸት እንደ ልማዳቸው የአባላቱን ስም አንድ ባንድ ጠሩ። «ሀብተ ወልድ» ሲሉ «አለ» አልኩ። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እቁቡ ግን በሱ ስም ነው። አዲሱ ዙር ሲጀመር ጋሼ ውብሸት፣ የእቁቡ ዳኛ ናቸውና፣ ለብቻዬ ጠርተው በራስሽ ስም ላዙርልሽ ወይ ብለውኝ ነበር። ይቆይ አልኳቸው። እሱ የጀመረውን እሱ ይጨርሰው።

ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «እኔ ሙት እቁብ ሲጥል አይቼ አላውቅም» ስትል ሰማሁ። ማናት ብዬ ዞር ብል መልኳ አልለይ አለኝ። የጋሼ ውብሸት ግቢ ድሮም ጨለማ ነው፤ ከላይ ሸራ ከወጠሩበት ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ዋሻ ሆኗል።

ሀብተ ወልድ ቢሰማት ይስቅ ነበር። እሱ ሞት እንኳ ተራውን ጠብቆ እንዲመጣ የሚፈልግ ሰው ነበር። «መጀመሪያ ሱቁ፣ ከዚያ ልጅቷ፣ ከዚያ እኛ።» ራት ላይ ይላታል። ታክሲ ስንጠብቅ ይላታል። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳይቀር በጆሮዬ ይላታል። ሱቁ ማለት ዛሬ ነጠላና ጋቢ የምሸጥባት ይቺ የቆርቆሮ ክፍል አይደለችም። የሸማ ተራ ነጋዴዎች አክሲዮን ገብተን ሕንፃ እያሠራን ነው፤ የሱ ሕልም የዚያ ሕንፃ ምድር ቤት፣ መንገድ ዳሩን የያዘው ሱቅ ነው። ልጅቷ አዲስዓለም ናት፤ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች። እኛ ደግሞ ያው እኛ ነን። ሦስተኛ ላይ የነበርነው።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

የአክሲዮኑ ጸሐፊ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ደብዳቤ ሲያድል ዋለ። የቀረው ክፍያ እስከ ሰኔ 30 ካልገባ የምድር ቤቱ ቦታ ለተረኛ ይሰጣል። እኔ ወደ ሦስተኛ ፎቅ እወጣለሁ። የላይኛው ዋጋ ዝቅ ይላል፣ እሱ እውነት ነው፤ ግን ጋቢ ልገዛ ብሎ ሦስት ፎቅ የሚወጣ የማን ጉልበት ነው?

እቁቡ እስከዚያ ከወጣ ልክ ይበቃል። ልክ። ከላዩ ላይ ቁንጥር የተደረገ እንደሆነ ይጎድላል።

ጸሐፊው ደርሶኛል ብለሽ ፈርሚ አለኝ። የቱ ጋ አልኩት። «መስመሩ ላይ፣ እትዬ።» የቱ መስመር? ጣቱን አስቀመጠልኝና ከጣቱ ሥር ፈረምኩ። የዛሬ ጊዜ ማተሚያ ቤት ቀለም ይሰስታል።

መጋቢት 20፣ እሁድ

የእኛ እቁብ አንድ ልማድ አለው። ዕጣውን ከጣሳው የሚያወጡት ዳኛው ናቸው፤ ከፍቶ የሚያነበው ግን ከአባላቱ አንዱ ነው። ለዳኛው ሐሜት እንዳይተርፋቸው ተብሎ ድሮ የተሠራ ሥርዓት ነው። ንባቡ በመቀመጫ ተራ ይዞራል። ዛሬ ሶማሌ ተራ ፕላስቲክ የሚያከፋፍለው ባህረዲን አጠገብ ያለው ሰውዬ አነበበ። ከእንግዲህ ንባቡ ወደ እኛ አግዳሚ መጠጋቱ ነው።

ተነስቼ ኋላ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ። ፈሪዳ ተከትላኝ መጣች። ፈሪዳ የሱቅ ጎረቤቴ ናት፤ ክርና ሐር ትሸጣለች፤ በአንድ ግድግዳ ሃያ ዓመት ኖረናል። እሷ እቁቧን የምትጥለው እናቷን ይዛ ሐጅ ለመሄድ ነው፤ እናትየው እያረጁ ነውና ሌሊት ሌሊት ያስጨንቃታል። ለምን ቦታ ቀየርሽ አለችኝ። ብርዱ ነው አልኳት። ከሸራው ጫፍ ወዲያ ያለችውን ፀሐይ አየች።

ሚያዝያ 2፣ አርብ

የበዓል ገበያ። ሰው በሰው ላይ። ምሳ አልበላሁም። ጋቢውን በሩ ቋሚ ላይ ሰቅዬ ገና ሳልቀመጥ ሦስት ደንበኛ።

አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አይገባ አይሄድ። «ይግቡ ጌታዬ፣ ማየት በነፃ ነው» አልኩት። ፈሪዳ ከወዲያ በኩል «ማንን ነው የምታስገቢው?» አለች። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ሚያዝያ 8፣ ጸሎተ ሐሙስ

ዛሬም መጣ።

ልጻፈው፤ ለሰው ከምናገረው ይሻላል። ጠዋት፣ ፀሐይ ፊት ለፊት በበሩ ስትገባ፣ ቋሚው አጠገብ ይቆማል። ቁመቱ የሱ ነው። ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው፤ ሀብተ ወልድ በልጅነቱ ጥጥ ተሸክሞ ትከሻው እንደዚያ ወርዶበት ነው የቀረው። ፊቱ አይታየኝም። ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ወደ ውስጥ ወደ እኔ ነው የሚያየው። ስነሳ ይጠፋል። ከሰዓት ፀሐይዋ ስትዞር አይኖርም።

አልፈራሁትም። ለምን እንደመጣ አውቃለሁ። ሰኔ 30ን ሊጠብቅ ነው። በሕይወቱ አንድ ቀጠሮ አሳልፎ አያውቅም፤ አሁን ምን ሆኖ ያሳልፋል?

ሆዱን ማመም የጀመረው ጊዜ ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «ከሱቁ በኋላ» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። አብሬው እሺ አልኩ።

ሚያዝያ 11፣ ፋሲካ

አዲስዓለም የመጣልኝን የእንኳን አደረሰሽ መልእክት ከስልኩ ላይ አንብቢልኝ ስላት ራስሽ አንብቢው አለችኝ። መነጽሬን ሱቅ ረስቼዋለሁ አልኳት። «እማዬ፣ መነጽርሽ ግንባርሽ ላይ ነው።»

የደብተሩ መስመርም ደብዝዟል። የድሮ ደብተር መስመሩ ደማቅ ነበር።

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

ጉድ ነው የሆንኩት።

ለዚህ ሰሞን ሁለት ትልልቅ ትእዛዝ ነበረኝ። አንዱ የእትዬ ቦሰና ነው፤ ነገ ልጃቸውን ይድራሉ፣ ለቤተ ዘመዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጠላ ይፈልጋሉ፣ ጥለቱ ጥቁር አረንጓዴ። ሌላው የአንድ ባልቴት ነው፤ የባሏን ተዝካር ሐሙስ አወጣች፣ ለቤተሰቡ ጥቁር ጥለት። ሁለቱንም በየማዳበሪያው ከትቼ ሰጠሁ። የባልቴቷን ለሠርገኛው፣ የሠርገኛውን ለባልቴቷ።

እትዬ ቦሰና ማዳበሪያውን ተሸክመው እኩለ ቀን ላይ ገቡ። የጎጃም ሴት ናቸው፤ ሲቆጡ ድምፃቸው አይጨምርም፤ ይቀንሳል። ማዳበሪያውን እግሬ ሥር ገለበጡትና እንደዚህ ብቻ አሉኝ፤

«እታለም፣ ልጄን ልድራት ነው ወይስ ልቀብራት ነው ያሰብሽልኝ?»

ሸማ ተራ ጸጥ አለ። ሸማ ተራ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። አምፖሉ ነው አልኳቸው። ሁለቱ ቀለሞች በአምፖል አንድ ናቸው አልኳቸው። አንዱ ከውጭ፣ ማን እንደሆነ አላወቅሁትም፣ «በቀትር ፀሐይ አምፖል ምን ሊሠራ» አለ።

ያተረፈችኝ ፈሪዳ ናት። የራሷን ሱቅ ዘግታ ተራውን ሁሉ ዞራ አረንጓዴ ጥለት ለቃቅማ አመጣች። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ግን አረንጓዴ ናቸው። እትዬ ቦሰና ቀሪውን ሳይከፍሉ ሄዱ፤ ልክ ናቸው።

ባልቴቷን ደግሞ ሰው አምቷታል። ቤተሰቡ በሙሉ በአረንጓዴ ጥለት ተዝካር ወጣ፤ «ለካ ቸኩላለች» ተባለ። ምስኪን። እሷ ምን አጠፋች? ያለቀሰ ሰው ጥለት አይለይም።

እኔ አርባ ዓመት ጥለት የለየሁ ሰው ነኝ።

አምፖሉን ነገ እቀይረዋለሁ።

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

መብራት በፈረቃ ሆነ። ቀን ካለ ሌሊት የለም፣ ሌሊት ካለ ቀን የለም። መርካቶ በሙሉ ይራገማል። እኔ እፎይ አልኩ። ሁሉም እንደኔ ሆነ።

እንደኔ ስል በጨለማ ማለቴ ነው።

ግንቦት 9፣ እሁድ

ዛሬም አልወጣልንም። ንባቡ ከእኛ አግዳሚ ደረሰ። ሆዴን አመመኝ ብዬ በመሐል ወጣሁ። በሩ ድረስ ስሄድ የሰው ጉልበት እየነካሁ ነው፤ ይቅርታ፣ ይቅርታ።

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ

ከልጄ ጋር ተጣላን። ደብተሬን አላነበበችም፤ ከሩቅ ገጹን አይታ ነው። በእስክሪብቶ መጻፍ ትቼ በወፍራም ፓርከር መጻፌን፣ አንድ ገጽ ላይ ዐሥር ቃል ብቻ መስፈሩን አየች። ሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን አለችኝ። ሐኪሙ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ሱቁ አልኳት። ምን ያህል እንደሚያስከፍሉም አላውቅም፤ እቁቡ ደግሞ ልክ ነው የሚበቃው፤ ከላዩ አይነካም። ከሰኔ 30 በኋላ የፈለግሽበት ውሰጂኝ አልኳት።

አዲስዓለም እንደ አባቷ ናት፣ አትጮህም። ሳህኑን እያጠበች ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የተናገረችው።

«አባዬም እንዲሁ ነበር ያለው፣ እማዬ። አባዬ ሞተ። ዕቅዱ ግን እዚሁ ከኛ ጋር ይበላል ይጠጣል። ከቤቱ ሰው ሁሉ ጤነኛው እሱ ነው።»

አባትሽን አትናገሪው አልኳት። አልተናገርኩትም አለች። እውነቷን ነው፤ አልተናገረችውም።

ምሽቱን ሙሉ ሳስበው ነበር። ሰው ዕቅድ ያወጣል፤ ነገን ይይዝልኛል ብሎ። ዕቅዱ ግን ሰውየው ሲሄድ አብሮት አይሄድም። እዚህ ይቀራል። የሚያስተዳድረው ይፈልጋል። የሚመግበው ይፈልጋል። ጠዋት በር ላይ ይቆማል።

ግንቦት 23፣ እሁድ

ወጣልን።

ጋሼ ውብሸት ጣሳውን ነቅነቅ ነቅነቅ አድርገው አወጡና ለእኔ ዘረጉልኝ። ተራሽ ነው፣ ባለፈው አምልጠሻል አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። ከፈትኩት። ስሙን ጠራሁ። «ሀብተ ወልድ።»

ከዚያ ፈሪዳ «እስቲ» ብላ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። አየችው። ቆየች። «አዎ፣ ሀብተ ወልድ ይላል» አለች፤ ድምፅዋ ወፍሮ ነበር። ጋሼ ውብሸት ወረቀቱን እንደ ደንቡ ሲጠይቋት፣ ለገድ ልያዘው ብላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ዳኛው ደንብ ደንብ ነው ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። እኔም እልል አልኩ።

ወጣልን። ምድር ቤቱ የእኛ ነው።

ግንቦት 24፣ ሰኞ

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደስታ ነው።

ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወጣልህ አልኩት። ምንም አላለም። በሕይወት ሳለም ደስ ሲለው ዝም ነው የሚለው። ግን ዝምታው እንደዚያኛው አይደለም።

ግንቦት 30፣ እሁድ

ብሩን ተቀበልኩ። ፈሪዳና ባህረዲን ዋስ ሆነው ፈረሙልኝ። ዛሬ የወጣው ለአንድ የሰንዱቅ ነጋዴ ነው። ፈሪዳ ስሟ ሲጠራ «አለሁ» አለች፤ ጣሳው ሲነቀነቅ ግን ቀና ብላ አላየችም። ሌላ ጊዜ ከንፈሯ በዱዓ ይንቀሳቀስ ነበር።

እናትሽ እንዴት ናቸው አልኳት። አሉ፣ ሳል ይዟቸዋል አለችኝ።

የአክሲዮኑ ጸሐፊ ለለቅሶ አገሩ ሄዷል፤ ሰኔ 10 ይገባል። ብሩ ባንክ ነው።

ሰኔ 7፣ እሁድ

ቤት እንደገባሁ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ያነበበው ባህረዲን ነው። ከፈተው። ወደ ብርሃኑ አዞረው። ከዚያ እየተንተባተበ «ጋሼ፣ ይሄ… ሀብተ ወልድ ነው የሚለው» አለ።

አንድ ጊዜ የወጣ ዕጣ ጣሳው ውስጥ አይመለስም። አንዷ አማተበች። ሌላው «አስተግፊሩላህ» አለ። መጋቢት ላይ ከኋላዬ ያወራችው ሴት ድምፅ፣ አሁን ለየኋት፣ «ብያለሁ፣ ሙት ሁለት ጊዜ ይበላል» አለች። እኔ ወደ በሩ ነው ያየሁት። እዚያ ቆሞ እንደሆነ። ግቢው ጨለማ ነው፤ አልታየኝም፤ ግን የሆነ ቦታ ነበር።

ፈሪዳ ተነሳች። «የኔ ነው እሱ» አለች። «ዳኛችን ያውቃሉ።» ጋሼ ውብሸት አቀርቅረው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። ቀና ሳይሉ «የፈሪዳ ነው። መዝግቡ» አሉ። በሳቸው ላይ ማን ይናገራል? ሰው ተበተነ።

እኔ መሄጃ አጥቼ ተቀምጬ ቀረሁ። ባለፈው ከዚያ ወረቀት ላይ ምን እንዳየሁ ልጻፍ። ነጭ። ነጭ ነገር ብቻ።

ሰኔ 8፣ ሰኞ

ፈሪዳ ሱቋን ሳትከፍት እኔ ሱቅ ገባችና በሩን ገርበብ አደረገችው። ከደረቷ ያቺን ወረቀት አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠቻት። የማን ስም ነው አለችኝ። አገላበጥኳት። በጣቴ ዳሰስኳት፤ ጥለት መስሎኝ።

«ፈሪዳ ይላል» አለችኝ። «የኔ ስም ነው። ሃያ ዓመት ከጎንሽ ተቀምጬ፣ ስሜን አይተሽ የባልሽን ስም ጠራሽ።»

ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ነገሩን ቀስ ብላ ነገረችኝ። የዚያን ቀን ውሸታም ናት ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ፊቴን አየች። ወረቀቱን ገልብጬ ነው የያዝኩት፤ ባዶውን ጀርባ ነበር የማነበው። ያንን እሷና ጋሼ ውብሸት ብቻ አዩ። ማታውኑ ቤታቸው ሄዳ አስምላቸዋለች፤ የሀብተ ወልድ ዕጣ ሲወጣ የሷ ይሆናል። መቼ እንደሚወጣ ግን አላህ ነው የሚያውቀው፤ በመጨረሻው እሁድም ሊሆን ይችል ነበር፤ የሐጁ ምዝገባም አይጠብቃትም፣ እናቷም።

አለቀስኩ። ምድር ቤቱን ከያዝኩ በኋላ ውለታሽን በምን ልክፈል ስላት ነው የተቆጣችው። በሕይወቴ ፈሪዳ ስትቆጣ ያየሁት ያኔ ነው።

«ወላሂ ለምድር ቤቱ አልሰጠሁሽም። ለዓይንሽ ነው የሰጠሁሽ። ምድር ቤቱን የሚፈልገው ሰውዬ የት አለ? አሳይኝ።»

ፀሐይዋ በገርባባው በር ገብታ ነበር። ከትከሻዋ ኋላ፣ ቋሚው አጠገብ ቆሟል። ላሳያት እጄን ካነሳሁ በኋላ መልሼ አወረድኩት።

ሰኔ 11፣ ሐሙስ

ሞራ ነው። ሁለቱንም ዓይኔን ጋርዶታል፤ ቀኙ ብሷል። የአንዱን አሁን፣ የሌላውን ነሐሴ ላይ ያወጡታል። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ እስካሁን የት ነበርሽ እናቴ አለኝ። ሱቅ ነበርኩ አልኩት። አዲስዓለም ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ መሐረብ ፈለገች።

በር ላይ የቆመ ሰው በሞራ ይታያል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ ሞራው ይበትነዋል፣ ያለውን ነገር ሌላ ያስመስለዋል አለኝ። ትከሻው ሳይቀር? ልለው ስል ተረኛዋ ገባች።

ለሁለቱም ዓይን የሚከፈለው ከእቁቡ ላይ ከተነሳ ምድር ቤቱ የለም። አዲስዓለም እጄን ይዛ ገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት ድረስ ወሰደችኝ። ራሴ ቆጥሬ ከፈልኩ። ስከፍል አንድ ሰው ከኋላዬ እንዳለ ያህል አንገቴን ቀዘቀዘኝ። ዞሬ አላየሁም።

ሰኔ 19፣ አርብ

ይህን የምጽፈው አዲስዓለም ነኝ። እማዬ ቀኝ ዓይኗ ትናንት ተሠርቶ ተሸፍኗል። የምልሽን ብቻ ጻፊ፣ የፊቱን ገጽ እንዳትገልጪ ብላ አስምላኛለች። አልገለጥኩም።

እማዬ የምትለው፤ አላመመኝም። ሲሠሩኝ ዘፈን ከፍተው ነበር። እትዬ ቦሰና ሊጠይቁኝ መጡ፤ ሙሽራዋ አርግዛለች፤ ጥቁሩ ጥለት ገዱ ጥሩ ነው ብለው ሳቁ። ቀሪውን ሒሳብም ትራሴ ሥር አስቀመጡ። ፈሪዳ ሱቄን ከሱቋ ጋር እየከፈተች ትሸጥልኛለች፤ ከኔ በላይ አስወድዳ ነው የምትሸጠው አሉ።

አሁን ደግሞ «በቃ፣ ዝጊው» አለችኝ። ሌሊት በእንቅልፏ «ከሱቁ በኋላ፣ ከሱቁ በኋላ» ስትል እንደነበር ግን እኔ ጨምሬ ጽፌያለሁ። ትቆጣኝ።

ሰኔ 30፣ ማክሰኞ

ጸሐፊው የምድር ቤቱን ቦታ ለሚቀጥለው ሰው አስተላለፈው። እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው ፊት ለፊት ነኝ። ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ። መስመሩ ታየኝ። ቀጭን፣ ሰማያዊ፣ ድሮም እንደዚሁ የነበረ መስመር።

ሦስተኛ ፎቅ ማን ይመጣል አልኩ ለፈሪዳ። «እኔ እመጣለሁ» አለች። «መጀመሪያ ሐጅ፣ ከዚያ ያንቺ ደረጃ።» ቅደም ተከተል የሱ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ቀኑን ሙሉ የሰው አደራ በልቼ የተቀመጥኩ ያህል።

ሐምሌ 4፣ ቅዳሜ

ተመረቀች። ከዚያ ሁሉ ጥቁር ካባ መሐል ከሩቅ ለየኋት። በአካሄዷ አይደለም፣ በፊቷ። ጥርሷን አየሁት። ከግራ በኩል ያለው ትንሹ ጥርሷ መቼ ነው የተሸረፈ? ስንት ጊዜ ሆኖታል ስላት፣ «ሁለት ዓመት» አለችኝ።

ሐምሌ 12፣ እሁድ

ጋሼ ውብሸት ስም ሲጠሩ «እታለም» አሉ። ሰዉ ጠበቀ። እኔም ማን ነው የማይመልሰው ብዬ ጠበቅሁ። ፈሪዳ በክርኗ ጎሰመችኝ። ሳታስፈቅደኝ እቁቡን ወደ ስሜ አስቀይራዋለች።

«አለሁ» አልኩ። ድምፄ አነሰ። ጋሼ ውብሸት አልሰማሁም ብለው ደግመው ጠሩኝ።

«አለሁ።»

ማንም «ሀብተ ወልድ» አላለም። ዝምታዋን ሰማኋት፤ ስሙ የሚጠራባትን ቦታ። ሰዉ አልሰማትም።

ሐምሌ 14፣ ማክሰኞ

ሱቅ መግባት ከጀመርኩ ሳምንት ሆነኝ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት ነገር አለ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ወደ ቋሚው አየሁ። ጋቢ ነው። ገበያ እንዲስብ ብዬ በየማለዳው በገዛ እጄ የምሰቅለው፣ ከግራ በኩል ሚስማሩ ስለላላ ዝቅ የሚለው ጋቢ። ድርና ማጉ አንድ ባንድ ይታየኛል። ሰው የለም። ኖሮም አያውቅም።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። ገላዬን ውርር አደረገኝ እንጂ እፎይ አላልኩም። ሁለት ጊዜ የሞተብኝ መሰለኝ።

ከዚያ፣ ማንም አያየኝም ብዬ፣ የተሠራውን ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩት። በግራው አየሁ። ቆሟል። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እንደዚያ አደርጋለሁ። ፈሪዳ ዓይንሽን ያሳክክሻል እንዴ አለችኝ። ትንሽ አልኳት።

ዛሬ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ ስትል አንድ ሰውዬ ገባ። የጎንደር ሰው ነው፣ ለአባቱ የሚሆን ጋቢ ይፈልጋል። ከመደርደሪያው ያወረድኩለትን ሁሉ ትቶ የተሰቀለውን ያዘ። ይሄ ስንት ነው አለ። ማሳያ ነው፣ አይሸጥም ልል ነበር። ፈሪዳ ከግድግዳው ወዲያ ክር መመዘኗን አቆመች፤ ሰማኋት። ዋጋውን ነገርኩት። ተከራከረኝ። ቀነስኩለት። ከሚስማሩ ላይ ራሴ አውርጄ አጥፌ ሰጠሁት፤ ደግ ሰው ነው፣ ሲወጣ አመሰገነኝ።

ቋሚው ባዶውን ቀረ። እንጨትና ሚስማር። ቀኝ ዓይኔን ሸፈንኩ።

ጋቢው ተሽጧል። እሱ ቆሟል።

የሁለተኛው ዓይን ቀጠሮ ነሐሴ 6 ነው። ክፍያው ተከፍሏል፤ አዲስዓለም ቀኑን ግድግዳ ላይ በትልቁ ጽፋዋለች፤ እንግዲህ የሚቀር የለም። ወደ በሩ ዞሬ፣ ፈሪዳ እንዳትሰማ ዝቅ አድርጌ፣ ሦስተኛው ተራ ደረሰ ሀብቴ፣ እኛ ያልከው አልኩት።

እስከዚያ ቁም አልኩት።